ከላፕቶፕ ቤት የወጣ ማዘርቦርድ ራሱን ችሎ የመቆሙ ታሪክ

የኮምፒዩተር ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ፍጥነቱ መጨመርና ስለ መጠኑ ማነስ ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው እምብዛም ያልተነገረለትን ሌላ ወገን ነው፤ ይኸውም ማዘርቦርድ የሚባለው ዋናው የኮምፒዩተር ሰሌዳ ከተቀመጠበት ቤት ጋር ያለው ግንኙነት በየዘመኑ እንዴት እንደ ተለዋወጠ ነው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ወይም ማጠፊያው የተሰበረ ላፕቶፕ፣ ማዘርቦርዱ ደኅና ሁኖ ሳለ፣ ስለ ምን ይጣላል? ሰሌዳው ወጥቶ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር እንዳይሆን የሚያግደውስ ምንድን ነው? የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

1. ቤት ያልነበረው ሰሌዳ

ሰሌዳን ያለ ቤቱ መጠቀም አዲስ ነገር አይደለም። በ1976 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የአፕል ኮምፒዩተር ለገበያ የቀረበው ሰሌዳው ብቻ ሁኖ ነበር። ዋጋው 666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ሲሆን፣ ኪቦርዱን፣ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመሩን፣ ማሳያውንና ሣጥኑን ፈልጎ የሚያሟላው ገዢው ራሱ ነበረ። ከገዢዎቹም አንዳንዶቹ ሣጥኑን ከእንጨት አሠርተውለታል።

ከዚያም በኋላ ቢሆን የሰሌዳው ጉዞ ከጠረጴዛ ወደ ሻንጣ እንጂ ከሻንጣ ወደ ጠረጴዛ አልነበረም። አይ.ቢ.ኤም. በ1984 ዓ.ም. ያወጣው ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር በውስጡ የያዘው ኤክስ.ቲ. የተባለውን የጠረጴዛ ኮምፒዩተሩን ሰሌዳ ነው። ክብደቱ 13 ኪሎ ግራም ያህል ስለ ነበረ ተንቀሳቃሽ መባሉ ለተሸካሚው ሳይከብደው አይቀርም፤ ነገር ግን አንድ ሰሌዳ በሁለት ቤት ሊያድር እንደሚችል አስመስክሯል።

2. የሁለቱ መንገድ መለያየት

ላፕቶፕ እየሳሳ በሄደ መጠን ሁለቱ ዓይነት ሰሌዳዎች ተለያዩ። ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር ኢንቴል በ1995 ዓ.ም. ኤ.ቲ.ኤክስ. የተባለውን መለኪያ አወጣ፤ በዚህ መለኪያ የሰሌዳው ስፋትና የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ስፍራ ስለ ተወሰነ፣ የአንዱ ፋብሪካ ሰሌዳ በሌላው ፋብሪካ ሣጥን ይገጥማል። ለላፕቶፕ ግን እንዲህ ያለ የጋራ መለኪያ አልጸናም። እያንዳንዱ ፋብሪካ ሰሌዳውን ለዚያው ሞዴል ብቻ እየቆረጠ ከባትሪውና ከማራገቢያው ጎን ሸጎጠው። ስለዚህ ቤቱ ሲሰበር ሰሌዳው ደኅና ቢሆንም እንኳ መግቢያ አጣ።

ያም ሆኖ ብልኃተኞች አልተዉትም። ሰሌዳውን ከማቀዝቀዣውና ከማራገቢያው ጋር አውጥተው፣ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ላይ አጥብቀው፣ ከውጭ ስክሪንና ኪቦርድ ጋር ያገናኙታል። በዚህ ሥራ ላይ የሚያጋጥሙት ችግሮች በየሞዴሉ ይለያያሉ። ማስነሻው ቁልፍ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ያለው ሰሌዳው ላይ ሳይሆን ኪቦርዱ ዘንድ ስለ ሆነ፣ ኪቦርዱ ሲነሣ ማስነሻውም አብሮ ይሄዳል። የዋይፋይ አንቴናው ብዙውን ጊዜ ያለው በክዳኑ ውስጥ በስክሪኑ ዙሪያ ነውና ሌላ ሊተካለት ይገባል። አንዳንዱ ሰሌዳ ባትሪው ከተነቀለ አልነሣም ይላል፤ ሌላው ይነሣና ኃይል እንዳያንሰው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማራገቢያ ሳይኖረው የተነሣ ሰሌዳ ደግሞ በሙቀት ይጎዳል። ከእነዚህ እንቅፋቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከሰሌዳው ድካም አይደለም፤ ሠሪው ሰሌዳው ከቤቱ ይወጣል ብሎ ካለማሰቡ ነው።

3. ወደ ጠረጴዛ መመለስ

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው የላፕቶፕ ዕቃ ለጠረጴዛ እንደሚበቃ ያውቁ ነበር። አፕል በ2005 ዓ.ም. ያወጣው ማክ ሚኒ ለላፕቶፕ የተሠራ ዓይነት ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ የያዘ ትንሽ ሣጥን ነበረ። ኢንቴል በ2012 ዓ.ም. ያስተዋወቀው ኑክ የተባለው ኮምፒዩተርም ሰሌዳው በየወገኑ 10 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ የሚሠራው በላፕቶፕ ፕሮሰሰር ነበር። ኢንቴል ራሱ ይህን ሥራ በ2023 ዓ.ም. ተወ። ነገር ግን እነዚህ አዲስ የሚሸጡ ዕቃዎች ነበሩ እንጂ ያገለገለውን ሰሌዳ የሚያድኑ አልነበሩም።

በዚህ ረገድ ለውጥ ያመጣው ፍሬምወርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ2021 ዓ.ም. ባለቤቱ ራሱ ፈትቶ ሊያድሰው የሚችል ላፕቶፕ ለገዢዎች ማድረስ ጀመረ። በ2022 ዓ.ም. ማዘርቦርዱን ለብቻው ከመሸጡም በላይ፣ የሰሌዳውን ልክና የመገጣጠሚያውን ንድፍ ማንም እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ገለጠ። ሰሌዳው ሜሞሪ ከተሰካለትና በዩኤስቢ-ሲ በኩል ኃይል ካገኘ ያለ ባትሪ ይነሣል። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ኩለር ማስተር የተባለው ኩባንያ ለዚሁ ሰሌዳ የተዘጋጀ ሣጥን አወጣ። እንግዲህ ላፕቶፑን በአዲስ ሰሌዳ ያደሰ ሰው አሮጌውን በዚህ ሣጥን አኑሮ ሁለተኛ ኮምፒዩተር ያገኛል ማለት ነው።

4. የነገሩ ክብደት

ይህ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ ነው የሚል ተቃዋሚ ሊኖር ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በ2024 ዓ.ም. ያወጡት ዘገባ ግን በ2022 ዓ.ም. ብቻ በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ እንደ ተጣለ፣ ከዚህም በደንብ ተሰብስቦ መታደሱ የተረጋገጠው 22.3 በመቶው ብቻ እንደ ሆነ ይገልጻል። በሌላ ወገን፣ ኮምፒዩተር አጥቶ በወረፋ የሚጠቀም ተማሪ ሞልቷል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለዚህ ነው። ለጽሕፈት፣ ለንባብና ለስሌት የሚበቃ ሰሌዳ ስክሪኑ ስለ ተሰበረ ብቻ ሲጣል፣ የሚባክነው ብረት ብቻ ሳይሆን የመማሪያ መሣሪያም ነው። የኤሌክትሪክ ወጪውም ቀላል ነው፤ የቀጭን ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 28 ዋት ሲፈልግ፣ የተለመደው የጠረጴዛ ፕሮሰሰር 65 ዋትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ሰሌዳ ይድናል አንልም። ሜሞሪው ከሰሌዳው ጋር የተበየደና መጠኑ ያነሰ ከሆነ ሊጨመርለት አይችልም፤ ያበጠ ባትሪ ያለበትን ላፕቶፕ መፍታትም የእሳት አደጋ ስላለው ዐዋቂ ይሻል።

ከታሪኩ የምንረዳው ይህን ነው። በ1976 ዓ.ም. ሰሌዳው ያለ ቤት ሊሸጥ የቻለው፣ በ1995 ዓ.ም. የጠረጴዛው ሰሌዳ ከማንኛውም ሣጥን ጋር ሊስማማ የቻለው፣ በ2022 ዓ.ም.ም የላፕቶፑ ሰሌዳ ነጻ የወጣው፣ ልኩና አሠራሩ ለተጠቃሚው ስለ ተገለጠ ነው። ፈረንሳይ ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ በላፕቶፖች ላይ እንዲለጠፍ ያዘዘችው የመጠገን ችሎታ ነጥብም ከመመዘኛዎቹ አንዱ የአሠራሩ ሰነድ መገኘት ነው። ስለዚህ የአንድ ማዘርቦርድ ዕድሜ የሚወሰነው በተሠራበት ማዕድን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ንድፉ በመታወቁ ጭምር ነው ስንል እንደመድማለን። ለተቋሞች ላፕቶፕ የሚገዙ ሰዎችም ዋጋውንና ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን፣ ቤቱ የተሰበረ ቀን ሰሌዳው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድመው ሊጠይቁ ይገባል።