ካታንጋ ሲዘል ፌሮው ምን ይላል?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን አነሳች። ስለ ሉቺያኖ ቫሳሎና ስለ መንግሥቱ ወርቁ ብዙ ተብሏል። ያን ቀን የዘለለውን ሕዝብ ስለተሸከመው ግንብ ግን የሚያወራ ሰው አላጋጠመኝም። ያው ግንብ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ሁለት አፍሪካ ዋንጫ ጨምሮ አስተናገደ። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ እያልን ስም አወጣንለት እንጂ ዕድሜውን አልቆጠርንለትም።

ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰውና የሚዘል ሰው ለሕንፃ አንድ ሸክም አይደሉም። ከሞጣ ወርዶ ሰባራ ድልድይ አጠገብ ባለው የገመድ ድልድይ ዓባይን የተሻገረ ሰው ነገሩን በእግሩ ያውቀዋል። ሰዎች እርምጃቸው ሲገጥም ድልድዩ መወዛወዝ ይጀምራል። ክብደታቸው አልጨመረም፤ ምታቸው ነው የገጠመው። የስታዲየም እርከንም ጠንካራ ይሁን እንጂ የራሱ ምት አለው። ደጋፊ በዘፈን ሲዘል በሰከንድ ሁለቴ ገደማ ይመታል። የሕዝቡ ምትና የእርከኑ ምት ሲቀራረቡ እያንዳንዱ ዝላይ በፊተኛው ላይ ይደመራል፣ ልክ ዥዋዥዌን በሰዓቱ እንደ መግፋት።

ሕዝብ ብቻውን አዲስ ግንባታ ሊጥል እንደሚችል በ1902 እ.ኤ.አ. በግላስጎው ታይቷል። ስኮትላንድና እንግሊዝ ሲጫወቱ ከተሠራ ብዙም ያልቆየው የአይብሮክስ የእንጨት መቆሚያ ተሰብሮ 25 ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲያ እንጨቱ ቀርቶ የአፈር ቁልልና አርማታ ተመረጠ።

አርማታ ደግሞ የራሱ በሽታ አለው። የክረምት ውኃ በስንጥቅና በመጋጠሚያ ሰርጎ ፌሮውን ያዝገዋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፤ በዚያ ስንጥቅ ሌላ ውኃ ይገባል። የደጋው የቀን ፀሐይና የሌሊት ብርድ መጋጠሚያውን ሲስበውና ሲለቀው ይኖራል። ከላይ የሚያየው ሰው ቀለም ብቻ ነው የሚታየው።

ዕድሜና ዝላይ ሲገናኙ የሚሆነውን ብራዚል ሳልቫዶር ከተማ ያየ ይንገረን። ፎንቴ ኖቫ ስታዲየም በ1951 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። በኅዳር 2000 ዓ.ም. የባሂያ ደጋፊዎች ወደ ላይኛው ሊግ ማደጋቸውን እየዘለሉ ሲያከብሩ የላይኛው እርከን አንድ ቁራጭ ከእግራቸው ሥር ወደቀ። 7 ሰው ሞተ። ስታዲየሙን በ2010 እ.ኤ.አ. አፈረሱት።

የእኛ ታሪክ በሌላ በኩል ዞሯል። ካፍ ስታዲየሞቻችንን መመዘኛ አያሟሉም ብሎ ሲከለክል የጋናን ጨዋታ «በሜዳችን» ብለን ጆሃንስበርግ ላይ አደረግን። ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው በሰኔ 2014 ዓ.ም. ነው፤ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ። ከ1954ቱ ድል በኋላ 60 ዓመት መሆኑ ነው። ካታንጋ ዝም ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሣሩ፣ ስለ መልበሻ ክፍሉ፣ ስለ ወንበሩ ብዙ ተከራክረናል። ክርክሩን አልንቀውም። የሚያሳስበኝ ግን ወንበር ለመትከል አሮጌ እርከን ሲበሳ ቀዳዳው በደንብ ካልተደፈነ ለውኃ አዲስ መንገድ መሆኑ፣ ወንበሩም ስንጥቁን ከዓይን መሸፈኑ ነው። ባሕር ዳርም ቢሆን፣ በሰኔ 2007 ዓ.ም. ሌሶቶን 2 ለ 1 ስናሸንፍ አዲስ የነበረው እርከን ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አሳልፏል።

የአዲስ አበባው በር ሲከፈት የመጀመሪያው ወረፋ የእኔም ነው። ከሪባኑ በፊት ግን አንድ ወረቀት ማየት እፈልጋለሁ፦ የካታንጋን መጋጠሚያዎች ማን መረመራቸው፣ በስንት ሰው ዝላይ ፈተናቸው፣ የሚቀጥለው ምርመራ የሚደረገውስ በየትኛው ጥቅምት ነው?