ስግድ፦ በተራሮቻችን ላይ የተጾመ ጾም



ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ጎንደር ከተማ ከሚወርዱ ወጣቶቻችን አንድ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰናል፤ “ከቤተ እስራኤል ወገን የሆነ ጓደኛ አለኝ፤ ለስግድ ጠርቶኛል። አብሬው ብጾም እምነቴን እንደ መካድ ይቆጠርብኛል?” ጥያቄው አጭር ነው። ነገር ግን ታሪኩን ሳናውቅ ብንመልሰው መልሳችን ቀላል ይሆናል፤ ታሪኩም የተፈጸመው ሩቅ አገር ሳይሆን እዚሁ ደጃችን ነው።

ከአምባ ጊዮርጊስ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ስንወጣ ዓይናችን የሚያርፈው በስሜን ተራሮች ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣብን ስለ ዋልያውና ስለ ጭላዳው እንነግረዋለን። እነዚህ አምባዎች እስከ 17ኛው መቶ ዘመን ድረስ የራሳቸው ገዢዎች የነበሯቸው የቤተ እስራኤል ምሽጎች እንደ ነበሩ ግን እምብዛም አናነሣም። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመቱባቸው። የንጉሡ ዜና መዋዕል ራሱ ስለ አንዲት ምርኮኛ ይተርካል፤ እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ ሳለ አዶናይን ጠርታ ወደ ገደል ዘለለች፤ እርሱንም ይዛው ወደቀች። ጸሐፊው የአሸናፊው ወገን ነው፤ ቢሆንም ሳይጽፈው አላለፈም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን መሪያቸው ጌዴዎን ተገደለ፤ የስሜኑም ግዛት በዚያው አበቃ።

ከዚያ በኋላ የቀራቸው ብረት መቀጥቀጥ፣ ሸክላ መሥራት፣ ሽመና፣ ግንበኝነትና የሰው መሬት በእርሻ ማረስ ነበር። ርስት የተከለከሉት በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ይስሐቅ አዋጅ ነው የሚል ትውፊት አለ። ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም ተባለ ይላሉ። ማረሻውን ከእነርሱ የገዛ ገበሬ ማታ ቤቱ ሲገባ “ቡዳ” እያለ ያማቸው ነበር። እነርሱም በበኩላቸው የኦሪትን የንጽሕና ሕግ ጠብቀው ከውጭ ሰው ጋር አይነካኩም፤ ከተነኩም በውኃ ይታጠቡ ነበር። ሰዉም “አትንኩኝ” ይላቸው ነበር። እንግዲህ ገበያ የሚያገናኛቸው፣ ማዕድ ግን የማያገናኛቸው ጎረቤታሞች ነበሩ ማለት ነው።

ርስቱም መንግሥቱም ሲሄድ ጾሙ አልሄደም። ስግድ፣ በሌላ ስሙ ምህላ፣ ከአስተሰርዮ ቀን ጀምሮ 50 ቀን ተቆጥሮ በስምንተኛው ወር በ29ኛው ቀን ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር መሆኑ ነው። በሌላው ዓለም የሚኖሩ አይሁድ ይህን በዓል አያውቁትም ነበር። የቤተ እስራኤል ትውፊት ሥርዓቱን በ15ኛው መቶ ዘመን ከነበሩት መነኩሴ ከአባ ሰብራ ጋር ያያይዘዋል። አዎን፣ መነኩሴ ብለናል። ቤተ እስራኤል ገዳማት ነበሯቸው፤ ዝነኛውም ሆሃርዋ ይባል ነበር።

በዚያ ቀን ሕዝቡ ገላውንና ልብሱን አጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ እህል ውኃ ሳይቀምስ ተራራ ይወጣል። አንዳንዱ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ቄሶች ኦሪቱን ይዘው ይቀድማሉ። ላይ ሲደርሱ ሕጉ በሲና የተሰጠበት ክፍልና መጽሐፈ ነህምያ በግዕዝ ይነበባሉ፤ ሕዝቡ እንዲያስተውልም በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጎማሉ። ይሰግዳሉ፣ ስለ ኃጢአት ይናዘዛሉ፣ ወደ ኢየሩሳሌም እንዲመለሱ ይለምናሉ። ከቀትር በኋላ እየዘመሩ ወርደው በዳቦና በጠላ ጾማቸውን ይፈታሉ። የጸሎት ቤታቸውን “መስጊድ” ይሉት እንደ ነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? ቃሉ ከስግድ ጋር ሥሩ አንድ ነው።

ነህምያ 8ንና 9ን ዛሬ ማታ ከፍታችሁ አንብቡ። ሕዝቡ ይሰበሰባል፣ ሕጉ ይነበባል፣ የሚያስተውሉትም ትርጉሙን ያስረዳሉ፤ ጾም፣ በራስ ላይ ትቢያ፣ የአባቶችን ኃጢአት መናዘዝ ይከተላል። በሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ይህን ክፍል ስንማር ከ2,400 ዓመት በፊት የሆነ ነገር እንደሆነ አድርገን ነበር የምናጠናው። ለካስ አምቦበር ከሚባለው መንደር በላይ ባለው ተራራ ላይ እስከ ትናንት ድረስ በየዓመቱ ሲፈጸም ነበር!

ጾም በአገራችን ለብቻ የሚጾም ነገር አይደለም። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ኦርቶዶክስ ጎረቤታችን ሥጋና ወተት ይተዋል፤ ሙስሊሙ በረመዳን ውሎውን ይጾማል። ረቡዕና ዓርብ መጾም ከጥንት እንደ መጣ “ዲዳኬ” የተባለው የቀድሞ ክርስቲያኖች ጽሑፍ ይመሰክራል፤ እዚያ ላይ ሁለቱ ቀኖች የተመረጡት ሰኞና ሐሙስ ከሚጾሙት ለመለየት ነው። በሐዋርያት ሥራ 27፥9 ደግሞ ሉቃስ የባሕሩን ጉዞ ጊዜ ሲያመለክት የአይሁድን የጾም ቀን እንደ ቀን መቁጠሪያ ይጠቅሰዋል፤ ጳውሎስና ባልንጀሮቹ ያን ቀን ያውቁት ነበር። እኛ ወንጌላውያን ቋሚ የጾም ወቅት ስለሌለን ነጻ ነን እንላለን። ነጻነቱ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ትርጉሙ “አንጾምም” ወደ ማለት ይጠጋል።

አሁን ወደ ከበደው ክፍል እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1860 ሄንሪ ስተርን የሚባል ከአይሁድ ወገን የተወለደ ሚሲዮናዊ በለንደን ማኅበር ተልኮ ወደ ጎንደር አካባቢ መጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ የፈቀዱለት የሚያምኑት ሰዎች በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ አስገድደው ነው። ማርቲን ፍላድ በደምቢያ ጀንዳ ተቀመጠ፤ በኋላም ሥራውን የአገሩ ልጅ ሚካኤል አረጋዊ ለረጅም ዘመን መራው። መጽሐፍ ቅዱስን አከፋፈሉ፣ ልጆችን አስተማሩ፤ ይህ በጎ ነው። ነገር ግን የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ያዩት ሌላ ነገር ነበር፤ ቤታቸው ለሁለት ሲከፈል አዩ። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ መሐሪ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ተስፋይቱ ምድር ለመሄድ ተነሡ። በትግራይ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው፤ የተረፉት ተመለሱ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጆሴፍ ሃሌቪ የሚባል አይሁዳዊ ምሁር መጥቶ “እኔም እንደ እናንተ ነኝ” ሲላቸው ሌላ የተደበቀ ሚሲዮናዊ መሰላቸው፤ ኢየሩሳሌምን ሲያነሣ ነው ፊታቸው የተፈታው።

ያ መከፈል እስከ ዘመናችን ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1984 ብዙዎች በእግር ሱዳን ገቡ፤ በመንገድና በሰፈር ሺዎች ሞቱ። በግንቦት 1991 በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። አያቶቻቸው ክርስትና የተቀበሉት ግን “እናንተ ቆዩ” ተባሉ። ከእነርሱ ብዙዎች ዛሬም ጎንደር ውስጥ ይጠብቃሉ፤ እናት እዚያ፣ ልጅ እዚህ። ወጣቶቻችንን ለስግድ የሚጠሯቸው ጓደኞች በአብዛኛው ከእነዚህ ናቸው። በእስራኤልም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ስግድ በሕግ የታወቀ በዓል ሆኗል፤ በኢየሩሳሌም ፊት ለፊት ቆመው ይጾማሉ።

ታዲያ ወጣቱ ይሂድ? ይሂድ እንላለን። ሮሜ 14 ቀንን ስለሚያከብርና ስለሚበላ ሰው ሲናገር በወንድም ላይ አትፍረዱ ይላል፤ ሮሜ 11 ደግሞ በበቀሉት ቅርንጫፎች ላይ እንዳንኮራ ያስጠነቅቃል። ይሁን እንጂ እንግዳ መሆኑን አይርሳ። ነህምያ 9፥2 ራሱ የእስራኤል ዘር ከባዕዳን ተለየ ይላል፤ ስለዚህ ቄሱ “እዚህ ቁም” ካሉት እዚያው ይቁም፤ አይከፋው። የእነርሱን ልብስ ለብሶ ፎቶ መነሣት አያስፈልገውም። በዚያ ቀን ትራክት ይዞ መሄድንማ ፈጽሞ አንመክርም፤ ከላይ የተረክነውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። ጓደኛው ስለ እምነቱ ከጠየቀው ግን ሳያፍር ይናገር፤ ኃጢአታችን የተሰረየው በክርስቶስ ደም ነው፣ ስንጾምም ይቅርታን ለመግዛት አይደለም። ጓደኛም ቢሆን ልዩነቱን ያውቀዋል፤ አውቆም ነው የጠራው።

ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ይሂድ። ንባቡ ረጅም ነው፣ ፀሐዩም ከባድ ነው፤ ግዕዙን ባይሰማ ትርጉሙን ይጠብቅ። ከቀትር በኋላ ሰዉ ሲወርድ ዳቦ ከቀረበለት በሁለት እጁ ተቀብሎ ይብላ። ጠላውን ግን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ልማድ ስለሚያውቁ፣ ባይጠጣ ማንም አይቀየመውም።