ውሃ የማያስገባ ዘር፦ የመኖ ዕፀዋት አዘገጃጀት ታሪክ በደሴና በኮምቦልቻ

ስለ መኖ ልማት ታሪክ ሲጻፍ አዘውትሮ የሚወሳው ከባሕር ማዶ ስለ መጡት ዝርያዎች ነው። ዘሩ ከከረጢት ወጥቶ አፈር እስኪነካ ስላለው አጭር ጊዜ ግን እምብዛም አይነገርም። ይሁን እንጂ በእርከን ላይ የተዘራው መኖ መብቀል አለመብቀሉ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያች ጊዜ ነው።

ነገሩ ለማንም እንግዳ አይደለም። ባቄላ ለንፍሮ ሲቀቀል ሌላው ሁሉ በስሎ አንዳንዱ ፍሬ እንደ ጠጠር ደርቆ ይገኛል። ከአተር ወገን የሆኑ ብዙ የመኖ ዕፀዋትም ዘራቸው እንዲሁ ነው። የቅርፊቱ ሕዋሳት እርስ በርስ ተጣብቀው ስለሚቆሙ ውሃ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ሽሉ ሕያው ሆኖ ሳለ ዘሩ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይበቅል ይቆያል። በኒውዚላንድ ሃይድ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ የዘሩ እንብርት አየሩ ሲደርቅ ተከፍቶ እርጥበት ያስወጣል፤ አየሩ ሲረጥብ ደግሞ ይዘጋል። ስለዚህ በደረቅ ስፍራ የተከማቸ ዘር ይበልጥ እየጠነከረ ይሄዳል እንጂ አይላላም።

ጉዳዩ በወሎ ክብደት ያገኘው ከረኀብ ዘመናት በኋላ ነው። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ድርቆች የተራቆተውን ተራራ ለሁሉም ካሳዩ ወዲህ፣ ሕዝቡ በምግብ ለሥራ እየተሰማራ እርከን ሠራ፤ ተዳፋቶችም ከልቅ ግጦሽ ተከለሉ። ከደሴ በስተደቡብ በማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1981 ነበር። እርከኑ ሲሠራ አፈሩን የሚይዝና ለከብትም የሚሆን ተክል አስፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል የመኖ ዝርያዎችን ያሰባስብና ያጠና ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው አራተኛው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት ደግሞ የጓሮ መኖን፣ ከሰብል ጋር አሰባጥሮ መዝራትንና የመኖ አጥርን በአገሪቱ አስፋፋ።

ዝርያዎቹ እንደ ከፍታው ይለያያሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ለሆነችው ደሴ የሚስማማው ከካናሪ ደሴቶች የመጣው ትሪ ሉሰርን ነው። ሉኪና ውርጭ አይችልም፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በኮምቦልቻ ግን ሊለማ ይችላል። የሁለቱም ዘር ጠንካራ ነው። ላብላብና የእርግብ አተር ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልጋቸውም፤ ያለ ልዩነት ሁሉንም ዘር መቀቀል ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ዘዴዎቹ ጥቂት ናቸው። ሰልፈሪክ አሲድ ለቤተ ሙከራ ይመቻል፤ በገጠር ችግኝ ጣቢያ ግን አደገኛ ስለሆነ ባይገባ እመርጣለሁ። ዘሩ ጥቂት ሲሆን በጥፍር መቁረጫ ቅርፊቱን ከሽሉ በተቃራኒ በኩል መሸረፍ፣ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ይበቃል። ለብዙ ዘር የሚሆነው ሙቅ ውሃ ነው። ግሬይ የተባለው ተመራማሪ የሉኪናን ዘር በሙቅ ውሃ ስለ ማዘጋጀት በአውስትራሊያ ጥናቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ከዚያ ወዲህ የተለመደው ምክር 80 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ 3 ወይም 4 ደቂቃ ማቆየት ነው።

እዚህ ላይ ከመመሪያዎች የሚጎድል አንድ ነገር አለ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይም 94 አይሞላም። በባሕር ጠረፍ አገር «በፈላ ውሃ ይነከር» ተብሎ የተጻፈው ቃል ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ሲደርስ ትርጉሙ ተለውጧል ማለት ነው። ቴርሞሜትር በሌለበት ጣቢያ፣ ደሴ ላይ 5 ጣሳ የፈላ ውሃ ከ1 ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ቢደባለቅ ወደ 80 ዲግሪ ይጠጋል። ውሃው ከዘሩ አሥር እጥፍ ያህል ካልሆነ ግን ዘሩ ራሱ ያቀዘቅዘዋል። ከዚያም ዘሩ በቀዝቃዛ ውሃ ሌሊቱን ሲያድር ያበጠው ለመዝራት ደርሷል፤ ያላበጠው ተለይቶ እንደገና ይታከማል። ለሥር ባክቴሪያ የሚሰጠው ማዳቀያ ከሙቁ ውሃ በኋላ እንጂ በፊት ከሆነ ባክቴሪያው ይሞታል።

ሙያተኞችን የሚያከራክረው ግን ሌላ ነው፤ ዘሩ ሁሉ መታከም አለበትን? በችግኝ ጣቢያ፣ ውሃ በእጅ በሚጠጣበት ስፍራ፣ መልሱ ግልጽ ነው፦ አዎን። በተከለለ ተራራ ላይ በቀጥታ ሲዘራ ግን ነገሩ ይለወጣል። የወሎ በልግ አታላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ዘንቦ ለሳምንታት ሊጠፋ ይችላል። የታከመው ዘር ሁሉ በዚያች ዝናብ ይበቅልና በአንድነት ይደርቃል፤ ያልታከመው በአፈር ውስጥ ሆኖ ክረምቱን ይጠብቃል። የአገራችን ማገጥም በየዓመቱ በግጦሹ ላይ ብቅ የሚለው ከዘሩ ከፊሉ ሳይበቅል እየቆየ ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለተራራ ከሚዘራው ሲሶው ያህል ሳይነካ ከታከመው ጋር ተደባልቆ ቢዘራ ይሻላል፤ የተነካውና ያልተነካው በአንድ ከረጢት ሲገባ ግን ድርሻው በላዩ ይጻፍ፤ አለዚያ የሚቀጥለው ዓመት ቆጣሪ ዘሩን ሞቷል ብሎ ይጥለዋል።