ከቅሬ የተወለደው ማኅበር

ዛሬ በቤይሩት ከተማ በቤት ሠራተኝነት ያለች አንዲት ኢትዮጵያዊት እኅት ደመወዟ ሲከለከል ወይም ፓስፖርቷ በአሠሪዋ በማዳሟ እጅ ሲታገድ ስልክ ደውላ ጠበቃና መጠለያ ስለምታገኝ፣ አዲስ የሚመጡት ልጆቻችን ይህ ሁሉ ከጥንት ተዘርግቶ የቆየ ማዕድ ይመስላቸዋል፤ ያልነበረበትን ዘመን የማውቅ እኔ ዝም ብል ግን በሙታኖቻችን ፊት የምወቀስ ነኝ።

በጽሑፍ የሚገኘው ታሪክ አጭር ነው። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ ከወጣበት ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል፤ የከፋላ ሥርዓትም መኖሪያ ፈቃዷን ከአሠሪዋ ጋር አቆራኝቷል። በጥር 2007 ዓ.ም. የልዩ ልዩ አገር ስደተኞች ያቋቋሙት የቤት ሠራተኞች ማኅበር ከሥራ ሚኒስቴሩ ዕውቅና ተነፈገ፤ ኢትዮጵያውያት የመሠረቱት «እኛ ለኛ በስደት» የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

የነገሩ ጥንት ግን ቅሬ የሚባለው የወሎ የቀብር ዕድር ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሞት በመጣ ጊዜ ቃሬዛውን የሚሸከመው ጎረቤት እስላም ነው ክርስቲያን ነው ተብሎ አይጠየቅም። እኛም እሑድ መውጣት የተፈቀደልን ጥቂቶች በቤይሩት ዳርቻ በዶራ አደባባይ ስንገናኝ፣ ከሰገነት ወድቃ የሞተችን ልጅ አስከሬን ለወላጆቿ ለመስደድ በመሐረብ ገንዘብ እንቋጥር ነበር። የመዋጮውን መዝገብ የያዙት እትዬ የምንላቸው አንዲት የኮምቦልቻ ሴት ናቸው፤ እስላም ሆነው ሳሉ መጀመሪያ ያዋጡት ለአንዲት የመርሳ ክርስቲያን ልጅ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት የኮንትራት ልጅ ከማዳሟ ቤት ጠፍታ በታሰረች ጊዜ «ለሬሳ ያዋጣን ሰዎች በሕይወት ላለችው እንዴት አናዋጣም?» ብለው እትዬ ቢጠይቁ የሚመልስ ጠፋ፤ የመጀመሪያው ጠበቃ ዋጋ የተከፈለውም ከዚያው የቀብር ገንዘብ ነው።

የዚህ መዋጮ ጀማሪ ማን እንደ ሆነ ግን ጠብ አለ። የአዲስ አበባዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ተነሣ ይላሉ፤ የገዛ ከተማዬ የደሴ ልጆች ደግሞ የመዝገቡን ደብተር የገዛነው እኛ ነን ብለው ይከራከራሉ። ደብተር መግዛትና ሸክሙን መሸከም አንድ አይደለም፤ ስለዚህ የደሴው የሰኞ ገበያ ልጅ ሆኜ ሳለሁ ለኮምቦልቻዋ እትዬ እመሰክራለሁ።

በ2004 ዓ.ም. የቤት ሠራተኛዋ ዓለም ደቻሳ በቤይሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ስትጎተት የታየችበት ምስል ሰውን ሁሉ ካስደነገጠ ወዲህ ካሜራ የያዙ እንግዶች በዙ። ስብሰባችን በባዕድ ቋንቋ ሆነና፣ ከአማርኛና ከማዕድ ቤት ዐረብኛ በቀር የማያውቁት ቀዳሚዎች ወደ ኋላ ወንበር ተገፉ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቈጠቍጠኛል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት የሀገሪቱ ገንዘብ ወድቆ አሠሪዎች ሴቶቹን በቆንስላው በር ሲጥሉ፣ ሐምሌ 28 ቀንም ወደቡ ሲፈነዳ፣ ዱቄትና ዘይት ተሸክመው ከቤት ቤት የዞሩት ግን እነዚያው የተገፉት ነበሩ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ስለ አንዲት ኢትዮጵያዊት የባርነት ወንጀል ክስ በሊባኖስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ጠበቆቹ በሚገባ ተመሰገኑ፤ የመሐረቡን ገንዘብ ያነሣ አልነበረም።

ታሪኩን የምትጽፉ ልጆች ሆይ፣ እትዬ በኮምቦልቻ በሕይወት አሉ፤ መዝገቡም በእጃቸው ነውና ሳይመሽ ሄዳችሁ ጠይቋቸው።