ስካውት፦ የወጣት መሪነትና የበጎ ፈቃደኞች ዕውቅና

ስካውት በእንግሊዛዊው ጄኔራል ሮበርት ቤደን ፖዌል የተመሠረተ፣ ወጣቶችን በመሪነትና በአገልግሎት የሚያንጽ ዓለም አቀፍ ንቅናቄ ነው።

የወጣት መሪነት፦ ቤደን ፖዌል እ.ኤ.አ. በኦገስት 1907 በደቡብ እንግሊዝ፣ በብራውንሲ ደሴት የሙከራ ካምፕ አካሄደ። የባለጸጋና የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆችን ቀላቅሎ ተኩላ፣ ኮርማ፣ ቁራና ከርሊው (የውኃ ዳር ወፍ) በተባሉ አራት ቡድኖች ከፈላቸው። እያንዳንዱ ልጅ የቡድኑን ቀለም ትከሻው ላይ አሰረ፤ የተኩላዎቹ ሰማያዊ፣ የቁራዎቹ ቀይ ነበር። በየቡድኑ ከልጆቹ በዕድሜ ከፍ ያለው መሪ ሆነ። ይህ አሠራር ዛሬም የስካውት ምሰሶ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ልጆች ያሉት የእያንዳንዱ ቡድን መሪ ራሱ ወጣት ነው፤ የቡድን መሪዎቹ በጋራ ሸንጎ ተቀምጠው መርሐ ግብር ያወጣሉ፣ ሥነ ምግባርን ይዳኛሉ። አዋቂው ይመክራል እንጂ አያዝም። ልጅ ኃላፊነትን የሚማረው ኃላፊነት ሲሰጠው ነውና።

ዕውቅና፦ ንቅናቄውን ደግፈው የያዙት ደመወዝ የማይከፈላቸው አዋቂ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1919 በለንደን አቅራቢያ በጊልዌል ፓርክ በተጀመረው ሥልጠና ያለፉ መሪዎች በቆዳ ጠፍር የተንጠለጠሉ ሁለት የእንጨት ዶቃዎች ያጠልቃሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ዶቃዎች ቤደን ፖዌል ከደቡብ አፍሪካ ካመጣው ሐብል የተወሰዱ ነበሩ። የዓለም ስካውት ኮሚቴ የሚሰጠው ብቸኛ ሽልማት የነሐስ ተኩላ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ተሸላሚ እ.ኤ.አ. በ1935 ራሱ መሥራቹ ነበር። ሽልማቱ የሚሰጠው ለዓለም አቀፉ ንቅናቄ የላቀ አገልግሎት ለሰጡ ሰዎች ነው። እንዲህ ያለው ምስጋና ለበጎ ፈቃደኛው የሚገባው ክብር ነው፤ ለወጣቱም ነገ ማገልገልን ያስተምረዋል።