ከእዳሪ ወደ ባኞ ቤት

እናቴ ቡና ትወዳለች። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ሳታጓድል የኖረች ሰው ናት። አምና ክረምት ልጠይቃት ቡታጅራ ወርጄ ሳለ ግን አንድ ነገር አየሁ። አመሻሽ ላይ አቦሉን ጠጥታ ስኒዋን ደፋችው። "ቶናውስ?" ስላት "በቃኝ ልጄ" አለችኝ። ራት ላይም ውሃ በአፏ አልዞረም። አሟት ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ምስጢሩን የነገረችኝ ታናሽ እህቴ ናት። እማዬ ሌሊት ላለመነሣት ብላ ከአሥር ሰዓት በኋላ ፈሳሽ ነገር መጠጣት ካቆመች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ባኞ ቤቱ ያለው ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ ሰርቪሱ ጫፍ ላይ ነው። ሦስት ደረጃ ይወረዳል፤ ሲዘንብ ግቢው ያንሸራትታል። እዚያ ከተደረሰ በኋላ ደግሞ ቁጢጥ ማለት አለ። ሰማንያ ዓመት ያገለገለ ጉልበት ይህን ሁሉ በጨለማ እንዴት ይችለዋል?

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ልጆቿ ይህን ቤት በየመስቀሉ ስናድስ ኖረናል። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ሲገባ ቤት ይታጠባል፣ ግድግዳ ይለሰናል፣ ዕቃ ይወለወላል። እኛም ወጉን ጠብቀን ሳሎኑን ደጋግመን ቀለም ቀባን፤ ኮርኒሱን ቀየርን፤ ሶፋ ገዛን። ባኞ ቤቱን ግን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። እንግዳ አይገባበትማ! እናታችን ግን በቀን አምስት ጊዜ ትገባበታለች። እንግዲህ የእኛ ቤት ገመና ብቻ ቢሆን ኖሮ አፍኜው እተወው ነበር። ነገር ግን ስንቱ ግቢ እንዲህ እንደሆነ አንባቢም ያውቀዋል። ስለዚህ ባኞ ቤቱን ለማደስ ስነሣ እንዴት እዚያ ጥግ እንደተቀመጠ ታሪኩን ወደ ኋላ ሄጄ ማየት ጀመርኩ።

ከቃሉ ልነሣ። አባቶቻችን "እዳሪ መውጣት" ይሉ ነበር። ዛሬም "ውጭ ልውጣ"፣ "ሜዳ ወጣ" የሚል ሰው ሞልቷል። ሁሉም ቃል ወደ ውጭ፣ ወደ ዳር ይጠቁማል። ነገሩ የሚፈጸመው ከቤት ርቆ ነው፤ ቤት የተከበረ ነዋ! የጥንቱን የጉራጌ ቤት አስቡት። ክብ ነው፤ መካከሉ ላይ ምሰሶ አለው፤ በአንድ ወገን ሰው፣ በሌላው ወገን ከብት ያድርበታል። ፊት ለፊቱ ጀፎረ፣ ያ ሰፊና ለምለም የመንደር ጎዳና ተዘርግቷል። ከኋላው እንሰት አለ። ጀፎረ የአደባባዩ ፊት ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም እዚያ ነው። እንሰቱ ደግሞ የቤቱ ጓዳ ነው። የከብቱ እበትና የቤቱ ጥራጊ ወደ እንሰቱ ይሄዳል፤ እንሰቱ መልሶ ቆጮ ይሆናል። የሰውም ከለላ ይኸው እንሰት ነበር። ሰው ጥቂት፣ መሬት ሰፊ፣ ቅጠሉም ጥላ በሆነበት ዘመን ይህ ሥርዓት ሥራውን ሠርቷል። ሰው ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ሲታጨቅ ግን እንሰቱ ቀረና እዳሪው ብቻውን ቀረ።

ገላ መታጠብም ቢሆን የቤት ጉዳይ አልነበረም። ወንዝ ይወረዳል፤ ፍል ውሃ ካለ ወደዚያ ይኬዳል። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደው በአጠገቡ ቤት ካሠሩ በኋላ ነው። የመንግሥታችን መዲና ከመታጠቢያ አጠገብ ተወለደች ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያው በ1880ዎቹ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል ውሃ በቧንቧ አውርዶ ኮረብታ ላይ ወዳለው የምኒልክ ግቢ አስገባ። ቁልቁል የወረደ ውሃ በራሱ ግፊት ሽቅብ ሲወጣ ማየት ለዚያ ዘመን ሰው ተአምር ነበር። ልብ በሉ፣ ቧንቧ ወደዚህች አገር የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። ከዚያ ወደ ተራው ሰው ጓዳ እስኪደርስ ገና ብዙ መንገድ ነበረው።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት መንገድና ሕንፃ ሠራ፤ ግንበኞቻችንም ሙያውን ከነቃሉ ወረሱ። ዛሬ ሲሚንቶ፣ አርማታ፣ ሊሾ፣ ቱቦ፣ ባኞ ስንል የምንናገረው ጣሊያንኛ ነው። ወራሪው በአርበኞች ክንድ ወጣ፤ ባኞው ግን ቀረ። ደግሞም ዕቃውን ከነስሙ የተቀበልነውን ያህል ዕቃው የሚፈልገውን ውሃ አልተቀበልንም። "ባኞ ቤት" የምንለው ክፍል ብዙ ጊዜ ውስጡ ባኞ የለውም፤ አንድ ባልዲና አንድ ጆግ እንጂ።

የአዲስ አበባ መሠረት ሲቆፈር፣ ዕቃዋም በትከሻ ሲጓጓዝ የጉራጌ ሰው ከፊት ነበር። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ለሥራ መሰደድ ዘግቦታል። የሌላውን ከተማ የገነባ እጅ ኋላ ወደ አገሩ ፊቱን አዞረ። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። በመንገዱ ቆርቆሮ መጣ፣ ሲሚንቶ መጣ። የእኛም አባት የጭቃውን ቤት ቆርቆሮ አልብሶ፣ ኋላ ደግሞ ከጀርባው ሰርቪስ አስከተለ። ኩሽናው፣ የሠራተኛዋ ክፍል፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ ሽንት ቤቱ። ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ወለሉ ሊሾ፣ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ቆርቆሮ። እዳሪው ግቢ ገባ፤ ግን አሁንም ዳር ላይ ነው።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ብዙ ኪራይ ቤት በቀበሌ እጅ ገባ። ኪራዩ ለደሃው ቀለለለት፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም በየግቢው አንድ ሽንት ቤት ለብዙ አባወራ ሆነና የሁሉም የሆነው የማንም ሳይሆን ቀረ። ቁልፉን ለመያዝ ይጣላሉ፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ግን ባለቤት አይገኝለትም።

ስለዚህ ጉዳይ ስናወራ ቡታጅራ በዓለም የታወቀችበትን ነገር መዝለል አይገባም። በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ የጤና ምርምር ጀመረ። ዶክተር ደስታ ሻመቦና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ በምን ሞተ የሚለውን ለዓመታት አስመዘገቡ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት በብዛት ከሚገድሉት መካከል የመተንፈሻ አካል ሕመምና ተቅማጥ ዋነኞቹ ሆነው ተገኙ። "ፈጣሪ ወሰደው" ይባል የነበረው ሕፃን እጅ ካለመታጠብ፣ ከውሃና ከሽንት ቤት ጋር የተያያዘ ስም አገኘ። የእኛ ሰፈር ሰው ልጁን እየቀበረ ለዓለም ሳይንስ ቁጥር አበረከተ፤ ይህን ውለታ ማን እንደከፈለው እንጃ።

ቁጥሩ ግን በከንቱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያኔ ሁለቱም ከተሞቻችን የነበሩበት የደቡብ ክልል "እያንዳንዱ ቤተሰብ ሽንት ቤቱን ራሱ ይቆፍር" የሚል ዘመቻ አካሄደ። ድጎማ አልነበረም። ከ13 በመቶ በታች የነበረው የሽንት ቤት ሽፋን በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 78 በመቶ ገደማ እንደደረሰ ተመዝግቧል። በዚያው ጊዜ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ወጣት ሴቶችን አሠልጥኖ በየደጁ ላከ። ሴቶች ዘመቻውን የደገፉት በሽታ ፈርተው ብቻ አይደለም። ጨለማ እስኪሆን ጠብቆ ከመውጣት ስለሚያድናቸው ነው። አሁን እናቴ ጨለማውን ፈርታ ቶናዋን ስትተው ሳይ ይኸው ጥያቄ ሌላ መልክ ይዞ እንደተመለሰ ገባኝ። ጉድጓድ አለ፣ ጣሪያ አለ፣ በር አለ። ለእሷ ግን ከሜዳው የሚለየው ነገር ትንሽ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። መጀመሪያ ያሰብኩት እንደማንኛውም ሰው ነበር፦ ነጭ ሴራሚክ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ የሚያብረቀርቅ መስታወት፣ ሲፎን ያለው መቀመጫ። ያስቆመችኝ ወልቂጤ አግብታ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። እሷ ከእኔ ቀድማ ጠባቡን ባኞ ቤቷን አሳድሳ ነበር። "መጥተህ እየው" አለችኝ፤ ሄጄ አየሁት። የታደሰው ባኞ ቤት ያምራል። የመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ግን ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮበታል። "ሲፎኑን አንዴ ስትለቀው ግማሽ ጀሪካን ይጠጣል፤ ቧንቧው ደግሞ በመጣ ጊዜ ነው የሚመጣው። አንተ መጀመሪያ ውሃህን ቁጠር" አለችኝ።

እህቴ ቀልዷን አልነበረም። የወልቂጤ ሕዝብ የውሃ ችግሩ ከልክ አልፎበት በየካቲት 2015 ዓ.ም. ባዶ ጀሪካን ይዞ አደባባይ ወጥቶ ነበር። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ ቢያንስ ሦስት ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ቆሰለ። ውሃ ጠምቶት ባዶ ጀሪካን ያነሣ ሰው በጥይት መሞቱን ሳስብ ስለ ሴራሚክ ቀለም መጨነቄ አሳፈረኝ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆኑ። የመሥሪያ ቤት ታፔላ ተቀየረ። ጀሪካኑ ግን በታፔላ አይሞላም።

ቡታጅራ ተመልሼ ግንበኛ አማከርኩ። በሙያው ያረጀ ሰው ነው። "ጋሼ፣ ባኞ ቤቱን ለማን ነው የምናድሰው?" አለኝ። ለእናቴ ስለው ሜትሩን አጠፈና "እንግዲያው ከሚታየው አንጀምርም" አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋው ሰማይ ነው። ስለዚህ ወንድማማቾቹ ያዋጣነውን ትንሽ ገንዘብ እሱ ባለው ቅደም ተከተል አዋልነው።

አንደኛ በሩን ገልብጦ ወደ ውጭ እንዲከፈት አደረገው። በጠባብ ክፍል ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ቦታ መብላቱ ብቻ አይደለም። ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩን በሬሳው ይዘጋዋል። ይህን ሲል ሁላችንም ዝም አልን። ሁለተኛ ወለሉን ለአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ማፍሰሻው አዘንብሎ እንደገና አስተካከለው። ሊሾውን ግን አላሳመረውም፤ እንዳያንሸራትት ሻካራ አድርጎ ተወው። ሦስተኛ ከጉድጓዱ የሚመጣውን ሽታ ለማስቀረት እንደ "ኤስ" ፊደል የታጠፈ ቱቦ አስገባ። እጥፋቱ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ለሽታው ክዳን ይሆናል። ይህን ብልሃት አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ የሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1775 በስሙ አስመዝግቦታል። ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት የሆነው ዕቃ ነው፤ እኛ ቤት ገና አሁን መድረሱ ነው።

አራተኛ መቀመጫ ተተከለ፤ ሲፎን ግን አልተገጠመለትም። በጆግ ሁለት ሦስት ሊትር ውሃ ማፍሰስ ይበቃዋል። በአንድ ጀሪካን ሰባት ስምንት ጊዜ ማለት ነው። ግራና ቀኙ ግድግዳ ላይ ከብረት ቱቦ የተሠራ መያዣ በሲሚንቶ ታሰረ። ጠባብነቱ እዚህ ላይ በጀን፤ እናቴ ሁለት እጇን ዘርግታ ሁለቱንም ግድግዳ ትይዛለች። ከጣሪያው ላይ የውሃ ሮቶ ተቀመጠ። ሦስቱ ደረጃ ተደልድሎ ከሳሎኑ የጓሮ በር እስከ ባኞ ቤቱ መሸፈኛ ቆርቆሮና አንድ አምፖል ገባ። ሴራሚኩ በመጨረሻ በቀረው ሳንቲም እስከ ወገብ ድረስ ብቻ ተለጠፈ፤ ከዚያ በላይ ቀለም ነው። ለፎቶ የሚሆን አይደለም።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን የዋጋው ነገር ነው። እናቴን ከውሃ ጥም የገላገሏት በሩ፣ መያዣው፣ አምፖሉና የተደለደለው ደረጃ ባንድ ላይ ተደምረው የሳሎኑን ሶፋ ያህል አላወጡም። ሁለት ዓመት ሙሉ የጎደለን ብር አልነበረም ማለት ነው። ማን እንደሚገባበት አልጠየቅንም፤ ያው ነው። ከምኒልክ ግቢ ቧንቧ እስከ ወልቂጤ ጀሪካን ያለው ታሪካችንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፊቱን እናሳምራለን፤ ጓዳውን ለነገ እናሳድራለን። ጓዳ ውስጥ ያሉት ደግሞ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ አቤት አይሉም።

ለመስቀል ሁላችንም ገባን። ክትፎው ተበላ፤ ቡናው ተፈላ። እንግዶቹ ሳሎኑን ዘንድሮ ለምን እንዳልቀባነው ጠየቁን። መልስ ሳናዘጋጅ እናቴ ስኒዋን ለእህቴ ዘረጋች። የተዘረጋው ለቶናው ነበር።