ማኅበር

ቃሉ ግእዝ ነው። «ኀበረ» ማለት አንድ ሆነ፣ ተባበረ ማለት ሲሆን «ኅብረት»ም የተገኘው ከዚሁ ግስ ነው። ዛሬ አክሲዮኑም፣ የሠራተኛውም፣ የሸማቹም ማኅበር ይባላል። እናቶቻችን «ዛሬ ማኅበር አለብኝ» ሲሉ ግን የሚያስቡት ጽዋውን ነው። «አለብኝ» ማለታቸውንም ልብ ይበሉ፤ ማኅበር እንደ ዕዳ የሚከበር ቀጠሮ ነው።

በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔዓለም፤ ማኅበርተኛው በየወሩ በተረኛው ቤት ይሰበሰባል። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ይባርካሉ፤ ጠላው ይቀዳል። በመጨረሻ በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ በእልልታ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ተረኛው ሀብታም ይሁን ድኻ ጽዋው ቤት አይመርጥም፤ ለእኔ የማኅበር ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። በሰንበት በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚጠጣው ሰንበቴ ነው፤ ሁለቱን አንቀላቅል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 የመጀመሪያዎቹ ምእመናን በመቅደስ እየተጉ እንጀራ የሚቆርሱት በየቤታቸው ነበር። ቅዳሴ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ስም ሳንተዋወቅ ለምንለያይ ለዛሬዎቹ ከተሜዎች ይህ ምዕራፍ ብዙ ይናገራል። ማኅበርተኛ ግን የቀረውን ሰው ያውቃል፤ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ታሞ ከሆነም ቤቱ ድረስ ይሄዳል።

በአጥቢያዎ አዲስ ሰው ካዩ፣ እባክዎ ለሚቀጥለው ወር ማኅበር ይጥሩት።